ፈተናውን ያልነገርኳቸው ሰው

ጋሽ እንድሪስ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ፣ ዕድሜያቸውን በሠሩበት አምቡላንስ ውስጥ አርፈዋል። የገደላቸው የልብ ሕመም ነው። ከዳገቱ አናት፣ ከጣርማ በር ሳይደርሱ ነው ያለፉት። መኪናው ከዚያው ተመልሶ በዚያው ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ ቀብራቸው ተፈጸመ። ከአጣዬ እስከ አሊዩ አምባ የሚያውቃቸው ሙስሊምና ክርስቲያን ሁሉ እንደየእምነቱ አዝኗል። እኔም ግቢያቸው ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ አልቅሻለሁ። ሰዎች «እንደ አባትሽ ነበሩ፤ እግዜር ያጽናሽ» እያሉ ትከሻዬን ሲደባብሱኝ «አሜን» አልኩ። ስለ ደግነታቸው የሚጽፍ ሰው አይጠፋም፤ እኔም እጽፋለሁ። ደግነታቸውን ብቻ ጽፌ ብጨርስ ግን በፊተኛው ውሸቴ ላይ ሌላ ውሸት እጨምራለሁ።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ፣ ነርስ ነኝ። ዛሬ የምሠራው ግን በሽተኛ በማከም ሳይሆን በተቆጣጣሪነት ነው። በአካባቢያችን ያሉትን አምቡላንሶች፣ ዕቃቸውንና በውስጣቸው የሚሠሩትን ሰዎች የሙያ ፈቃድ እመረምራለሁ። ጉድለት ካገኘሁ እጽፋለሁ፤ ከባሰም መኪና አስቆማለሁ። ሰው ብዙም አይወደኝም፤ አልፈርድበትም።

ጋሽ እንድሪስን ያወቅኋቸው ከኮሌጅ ወጥቼ ሸዋ ሮቢት በተመደብኩበት የመጀመሪያ ሳምንት ነው። እሳቸው የአምቡላንስ አጃቢ ነበሩ። ድሮ የወሰዱት አጭር የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ነበራቸው፤ ሌላውን ሁሉ የተማሩት ዳገቱን ሲወጡና ሲወርዱ ነው። አንዲት ምጥ የጠናባት እናት ይዘን ሽቅብ ስንወጣ ደም ይፈሳት ጀመር። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ መርፌውን ደም ሥሯ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ።

«አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ቃሬዛውን ያዢ» አሉኝ። «በሁለት እጅሽ፣ ጥብቅ አድርገሽ።»

ያዝኩ። ብረቱ ይቀዘቅዝ ነበር፤ መንቀጥቀጡ ቀስ በቀስ ተወኝ።

«በይ አሁን መርፌሽን አንሺ። ክንዷን እኔ እይዝልሻለሁ።»

እናትዮዋ ደብረ ብርሃን ደርሳ በሰላም ተገላገለች። ስንመለስ ለሾፌሩ «ሲስተር ዛሬ ጎበዝ ነበረች» ብለው ነገሩልኝ፤ ስለ መንቀጥቀጤ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከእሳቸው ያልተማርኩት ነገር ቢኖር መኪና መንዳት ብቻ ነው።

ሥርዓት ይወዱ ነበር። ጠዋት ሻይ ሳይቀምሱ የአምቡላንሱን የኋላ በር ከፍተው ወለሉን ያጥባሉ፤ ጓንት ይቆጥራሉ፤ የኦክስጅኑን ሲሊንደር መለኪያ አጎንብሰው ያያሉ። የቆላ ሰው በስስ ልብሱ ታሞ ሲወጣ ጣርማ በር ላይ ብርዱ እንዳይመታው ብለው ከቤታቸው ያመጡት ወፍራም ብርድ ልብስ ከወንበሩ ሥር አይጠፋም ነበር፤ ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ በየሳምንቱ ያጥቡታል። አንድ ቀን አንድ ባለሥልጣን፣ መኪናው መድኃኒት ሊያመጣ ባዶውን መሄዱን ሰምቶ፣ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት አስመጣና «ጫኑልኝ» አለ።

«ጌታው፣ ይኼ መኪና አንዴ ሽንኩርት ከለመደ በሽተኛ ሲመጣ ቦታ የለኝም ይላል» አሉት። «ወላሂ አልጭንም።»

ሰውየው ተቆጣ፤ ስማቸውን መዘገበ። እሳቸው በሩን ዘግተው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ያን ጊዜ የአምቡላንስ መመሪያ የሚባል ወረቀት አንዳችንም አይተን አናውቅም።

መመሪያው ሲመጣ እኔ ወደ ቁጥጥሩ ሥራ ተዛውሬ ነበር። ደስ አለኝ፤ አሁንም ቢሆን ደስ ይለኛል። አንገቱ የተጎዳ ወጣት እንደ ጆንያ ተነሥቶ ሲጫን አይቻለሁና መመሪያውን አልነቅፍም። ፈቃድ የሌለው ሰው በአምቡላንስ ላይ በሽተኛ አይነካም ይላል። አንድ አንቀጽ ግን ነበረው፤ በልምድ ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ ሰዎች፣ የአካባቢው ተቆጣጣሪ በሦስት ወር ውስጥ በደብዳቤ ካቀረባቸው፣ በተግባር ተፈትነው ፈቃድ ማግኘት ይችላሉ። የአካባቢው ተቆጣጣሪ እኔ ነበርኩ።

ከአጣዬ በኩል ሁለት ሰዎች አቀረብኩ። በቅርብ አላውቃቸውም። የጋሽ እንድሪስንም ደብዳቤ ጀምሬ ስማቸውን ጽፌ ነበር። በማግስቱ ስብሰባ ላይ አንድ ባልደረባዬ እየሳቀ «የሲስተርን አባትማ መመሪያውም አይነካቸው» አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ወደ ቢሮዬ ስመለስ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አድልዎ እንዳይመስል ትንሽ ልቆይ ብዬ ነው። ትንሽ ቆየሁ፤ ከዚያ ደግሞ ትንሽ። ለማላውቃቸው ሰዎች ያልነፈግሁትን ለእሳቸው ነፈግሁ፤ ይህንንም ቀጥተኛ መሆን ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ሥራ እንዲያቆሙ የነገርኳቸውም እኔው ነኝ። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ መመሪያው ፈቃድ የሌለው ሰው በሽተኛ አይንካ ይላል። ከዛሬ ጀምሮ ማጀቡን ያቁሙ።»

«ልክ ነው» አሉ። «እንዲህ ያለ ደንብ ድሮም ሊኖር ይገባ ነበር።» ቀጥለውም፣ «ፈተና የለውም እንዴ፣ ሲስተር? እኔ ብፈተን አልፈራም» አሉኝ።

ሦስቱ ወር ሊሞላ ገና ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር።

«የለውም ጋሼ» አልኳቸው።

«እሺ። አንቺ ካልሽ የለም ማለት ነው።»

አለው ብል «እንግዲያው አቅርቢኛ» ይሉኛል ብዬ ነው የዋሸሁት። ባቀርባቸው ያ ሳቅ ይደገማል። አንድ ሳቅ ፈርቼ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

የጤና ጣቢያው በር ጠባቂ ሆነው ተመደቡ። አንድ የገበያ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ባጃጅ ተገልብጦ የተጎዳ ጎልማሳ በአምቡላንስ መጣ። እሳቸውን ተክቶ የሚሠራው ባለሙያ ተምሮ፣ ተፈትኖ የመጣ ጎበዝ ሰው ነው። ጋሽ እንድሪስ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና ወደ ጎን ቆሙ። የተጎዳው ሰው እናት ድሮ ያውቋቸው ኖሮ «ጋሽ እንድሪስ፣ በአላህ፣ አንቱ ያዙልኝ!» ብለው ጮኹ።

«አይዞሽ እህቴ፣ ባለሙያው ይዞታል። ከኔ ይሻላል» አሏቸው።

እኔ በዚያው ግቢ ካለው ቢሮዬ መስኮት ሆኜ የማየው ጀርባቸውን ነበር። ሁለት እጃቸውን ወደኋላ አድርገው አንዱን በሌላው ጨምድደው ይዘውታል። ቃሬዛው ወርዶ እስኪገባ ድረስ አልለቀቁትም። ከዚያ ቀን ወዲህ በኋላው በር መግባትና መውጣት ጀመርኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ «በዚያ በኩል ጥላ አለ» እል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥላ ስፈልግ ከረምኩ ማለት ነው።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘሃራ ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

«አትንገሪያት ብለውኝ ነበር» አሉ። «አሁን ግን እሳቸውም የሉ፤ እኔም መያዙ ከበደኝ። ከነዚያ ከአጣዬዎቹ አንደኛው ፈቃዱን ሊያሳያቸው መጥቶ ‹አንቱስ ምነው ሳይፈተኑ ቀሩ?› አላቸው። ያኔውኑ ነው ያወቁት።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ፈቃዱ የተሰጠበትን ጊዜ አውቃለሁ፤ በሩ ላይ ከተመደቡ ወር እንኳ ሳይሞላቸው ነው ያወቁት ማለት ነው።

«እኔ ልመጣብሽ ነበር፣ ወላሂ። በገበያ መሀል ላዋርድሽ ነበር። እሳቸው ከለከሉኝ። ‹የሰው አፍ ፈርታ ነው እንጂ ክፋት የላትም። አወቁብኝ ካለች ዳግመኛ ዓይኔን አታየኝም፤ እኔ ደግሞ ሰላምታዋን እፈልገዋለሁ› አሉኝ። እኔማ እስካሁንም አልበረደልኝም፣ ልጄ። ‹ክፋት የላትም› ያሉትንም የነገርኩሽ የእሳቸው ቃል ስለሆነ ነው።»

ጋሽ እንድሪስ ሰላምታዬን እንዳያጡ ብለው በደሌን ደብቀውልኝ ኖሩ። እኔ ደግሞ በደሌን ለመደበቅ ሰላምታዬን ነሣኋቸው።

ትናንት ለአለቆቼ ያደረግሁትን ሁሉ ጽፌ ሰጥቻለሁ። በየቀበሌው እንደሳቸው በልምድ ሲሠሩ ኖረው ሳይነገራቸው የቀሩ ካሉም የፈተናው ዕድል እንደገና እንዲከፈትላቸው ጠይቄአለሁ። አለቃዬ ደብዳቤውን አንብቦ «ሰውየው ሞተዋል፤ አሁን ማን ይጠይቅሻል?» አለኝ። መልሼ አልወሰድኩትም። የሚመጣውን ቅጣት አላውቅም፤ ቢቀርልኝ ግን ይከፋኛል። እናንተም ወዳጆቻቸው በመንገድ ስታገኙኝ ከዛሬ ወዲያ አታጽናኑኝ።

ጋሼ፣ ተቆጣጣሪ ነኝና የመጨረሻ ጉዞዎን መርምሬአለሁ። ባለሙያው ከጎንዎ አልተለየም፤ ኦክስጅኑ ሙሉ ነበር፤ ሾፌሩም ዳገቱን በአግባቡ ነው የወጣው። አንቱ የሚወዱት ዓይነት ሥራ ተሠርቶልዎታል። ለጥያቄዎ እውነተኛውን መልስ ሳልሰጥዎ ቀረሁ፤ አንቱ ግን ከሌላ ሰው ሰምተውትም አላሳፈሩኝም። አውፍ ይበሉኝ ብዬ እንዳልለምን፣ ሳልጠይቅዎ ይቅር ብለውኛል። ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። አላህ ጀነትን ይወፍቅዎት። ዛሬ ጠዋት በዋናው በር ገባሁ። ቆምኩና እንደ ድሮው «እንደምን አደሩ ጋሼ» አልኩ። በሩን የያዘው አዲሱ ጠባቂ ማንን እንደምጠራ ዞር ብሎ ፈለገ።