ጣቢያው ሳይበላ

የቀድሞ አለቃዬ ልጅ ስትደውልልኝ ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቲኮን፣ መጋዘን ውስጥ፣ የእርጎ ካርቶን መኪና ላይ እያስጫንኩ ነበር።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይምጡልኝ» አለችኝ። «አባዬ ምግብ ተወ። ጣቢያው ሳይበላ አልበላም ይላል። ነርሷ የትኛው ጣቢያ ነው እያለች ትጠይቀኛለች፤ እኔ ምን አውቄ!»

እኔ ግን አወቅኩት። ስልኩን እንደያዝኩ ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ።

አባቷ የአየር ኃይል ኮሎኔል ነበሩ፤ የእኔም አለቃ። በእኛ ዘመን፣ ድንበር አጠገብ፣ ቆላ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ የሰፈራ ጣቢያ ነበረች። ከድርቅ ሸሽተው የመጡ ገበሬዎች፣ አንድ ትራክተር፣ የሚጠብቋቸው ጥቂት ወታደሮች፣ ሌላ ነገር የላትም። ጠላት መንገዱን ሲዘጋው የቀራት ሰማይ ብቻ ሆነ። መምሪያ ተቀምጠን የምናቅደው ይህንኑ ነበር፤ የትኛው አውሮፕላን ዱቄት፣ የትኛው ጥይት ይዞ እንደሚሄድ፣ ሲመለስ ስንት ቁስለኛ እንደሚያመጣ፣ የትኞቹ ጄቶች ከላይ እንደሚያጅቡት። እኔ ጭነት ደልዳይ ነበርኩ። ዛሬም ያው ነኝ፤ ዱቄቱ እርጎ ሆነ እንጂ።

ኮሎኔሉ አንድ ደንብ ነበራቸው። ጭነቱ መድረሱን ጣቢያው በራዲዮ ሳያረጋግጥ መምሪያ ውስጥ ማንም እህል አይቀምስም። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ሆዳችን ይጮኻል፣ እሳቸው ካርታው ላይ እንዳጎነበሱ ናቸው። ከኋላቸው እናማቸው ነበር፤ በልባችን ግን እንኮራባቸው ነበር።

ከዚያ ጄቶቹ ወደ ሌላ ግንባር ተወሰዱ። ኮሎኔሉ ያለ አጃቢ አብራሪ አልልክም ብለው በረራውን አቆሙ። ራዲዮው ሲለምነን ሰነበተና ዝም አለ። አንድ ቀን የቀዘቀዘውን ምሳ ትክ ብለው ሲያዩ ቆይተው «ብሉ» አሉን። ጣቢያዋ እንዳበቃላት የገባን ያን ጊዜ ነው። ሌሎቹ እያቀረቀሩ በሉ። እኔ አልበላሁም። የትራክተሩ ሾፌር ታላቅ ወንድሜ ነበር።

ቅዳሜ ዙሪክ ውስጥ ከምኖርበት ከአፎልተርን ተነስቼ በባቡር ጄኔቫ ገባሁ። ሐይቁ በጉም ተሸፍኖ ምኑም አይታይም ነበር። እኔና ኮሎኔሉ ይህን ሁሉ ዓመት አንድ አገር ውስጥ እየኖርን፣ ለቅሶ ቤት ካልሆነ በቀር ተገናኝተን አናውቅም። አንዲት አውሮፕላን እንኳ ለምን አልላኩም? ይህቺን ጥያቄ ይዣት ኖርኩ። ልጠይቃቸው ስል ወይ ሰው ይከበናል፣ ወይ ፊታቸውን አይቼ ይጨንቀኛል። አንቱ ማለቱንም ቂሙንም ሳልተው አረጀሁ። አሁን ደግሞ አእምሯቸው ከድቷቸዋል። ማንን ልጠይቅ? በበሽተኛ መናደድ ያሳፍራል፤ እኔ ግን ተናድጄ ነበር።

የአረጋውያን መኖሪያው ጄኔቫ ጥግ፣ ካሩዥ ነው፤ ትራሙ ደጃፉ ላይ ያወርዳል። ኮሎኔሉ አጥንታቸው ብቻ ቀርቶ መስኮት ስር ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው መሐል የጨው ዕቃ አቁመው፣ ዳር ዳሩን የስኳር ከረጢት ደርድረዋል። ሾርባቸው ወደ ጎን ተገፍቷል።

ቀና ሳይሉ «ዘገየህ» አሉኝ።

ሳላስበው ወገቤ ቀጥ አለ። «ይቅርታ፣ ጓድ ኮሎኔል።» ጓድ የሚል ቃል ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ።

ጨው ዕቃው ጣቢያዋ ነው። ስኳሩን ዱቄት፣ ማንኪያዎቹን ጄት አድርገን አቀድን። ስንጨርስ «ራዲዮው ደርሶናል ብሏል» አልኳቸው። ሾርባውን ስበው ጠጡ። ልጃቸው ኮሪደር ወጥታ አለቀሰች።

እንዲህ ሆነን ከረምን። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ በሌላው ቀን ልጃቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ትይዝልኝና ከመጋዘኑ ሪፖርት አደርጋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ በማያውቁት ቋንቋ እየጮኽኩ ጦር ሳዝ ይስቁብኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግን ኮሎኔሉ ማንኪያዎቹን ለቃቅመው ኪሳቸው ከተቱ።

«ጄቶቹ ተወስደዋል» አሉ።

«አሉ እንጂ፣ ጓድ ኮሎኔል!» ብል ማን ሰምቶኝ። ከዚያ ወዲያ ሾርባ የለ፣ ዳቦ የለ። ሐኪሙ በግድ እንደማይመግባቸው ለልጃቸው ነገራት። «በዚህ ከቀጠለ አይቆይም ብሎኛል፣ ጋሼ» አለችኝ። ወደ ዙሪክ ስመለስ ባቡሩ ውስጥ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ይራቡ፤ ወንድሜም ተርቧል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሄድኩ። እግሬ ብቻ ወሰደኝ። ከወጥ ቤቱ አዲስ ማንኪያዎች ለምኜ ጨው ዕቃው ዙሪያ ደረደርኩ።

«ጄቶቹ ተመልሰዋል፣ ጓድ ኮሎኔል።»

«ማን አዘዘ?»

«እርስዎ።»

የስኳር ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ወደ ጨው ዕቃው ገፏቸው። «ሰፋሪዎቹስ?» አሉ።

«ወጥተዋል።»

«ቁስለኞቹ?»

«ሁሉም ወጥተዋል።»

ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። «ወንድምህስ?»

ያኔ፣ መምሪያው ውስጥ፣ ወንድሜ እዚያ ነው ብዬ የነገርኳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «አውቃለሁ» ብለው ወደ ካርታቸው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ አላነሱትም። እኔም ረስተውታል ብዬ ነበር የኖርኩት። የገዛ ልጃቸውን ስም የረሱ ሰው ወንድሜን አልረሱም።

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው። ልጃቸው በሩን ተደግፋ ታየኛለች።

«በመጨረሻው በረራ ወጥቷል፣ ጓድ ኮሎኔል» አልኩ። ጠረጴዛውን ያዝኩ። «ደህና ገብቷል።»

ማንኪያ አነሱ። ከሾርባው ግማሹ ደረታቸው ላይ እየፈሰሰ በሉ። ከዚያ ዳቦውን ለሁለት ገምሰው ግማሹን ወደ እኔ ገፉት።

«ብላ» አሉኝ።

ዳቦው ደርቆ ነበር። በላሁ።