ለእንቁ የተከለከለ እንቁላል

ላጲሶ ሾላ ገበያ እንቁላል ሲሸጥ ዓመታት ተቆጥረዋል። ልጁ እንቁ በየጠዋቱ አንድ ቅቅል እንቁላል ሳትበላ አትውልም ነበር። ምክሩ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ነው፤ «ሰውነቷ ደክሟል፤ ቆጮ ብቻ አትስጧት፣ ፕሮቲን ያስፈልጋታል» ብላ ነበር። በቆጮ ላደገው የሆሳዕና ሰው ላጲሶ ይህ ቅር ቢለውም፣ ስለ ልጁ ሲል እሺ አለ።

እንቁ ግን ሁለት ዓመት ሞልቷትም አልተናገረችም። ሲጠሯት አትዞርም። ጸጉሯ ገረጣ፤ ሽንቷ የአይጥ ጎሬ ይሸት ጀመር። ጎረቤት «የሰው ዓይን ነው» አለ፤ የቸርች ወንድሞች ጸለዩላት። ላጲሶ አሜን ብሎ እንቁላሉን ሁለት አደረገላት።

በመጨረሻ ቦሌ ያለ አንድ ክሊኒክ ደሟን ውጭ አገር ልኮ አስመረመረ። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተር ምንትዋብ ባልና ሚስቱን ጠሯቸው።

«አቶ ላጲሶ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ሽሮ የለም።»

«እንዴ! ስጡ የተባልነውን?»

«ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ሲፈጭ አሚኖ አሲድ ወደሚባሉ ደቃቅ ነገሮች ይበተናል። አንዱን ዓይነት የእንቁ ጉበት መለወጥ ስለማይችል ደሟ ውስጥ ይጠራቀማል። አሚኖ አሲዶቹ ወደ አንጎል የሚገቡበት በር ደግሞ የጋራ ነው። መገናኛ፣ የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ታክሲ ሲመጣ አይተዋል? የበዛው ተጋፍቶ ይገባል፤ ሌላው ውጭ ይቀራል። የእሷ አንጎል ገና እየተሠራ ስለሆነ የጎደለበት ሁሉ ይጎዳዋል።»

የታክሲው ምሳሌ ገባው፤ እንቁላሉ ግን አልገባውም። «እኔስ ዕድሜ ልኬን በልቼ?»

«የእርስዎ ጉበት ይሠራል።»

«ታዲያ ምን ትብላ?» አለች ሚስቱ ወርቄ።

«ያ የማይስማማት አሚኖ አሲድ የሌለበት ልዩ የዱቄት ወተት እናዝዝላታለን። ደሟን እያየን ጥቂት ፍራፍሬና አትክልት፤ ደግሞ ቡላ፤ ፕሮቲን እምብዛም የለውም።»

«ቡላ?» ላጲሶ ሊስቅም ሊቆጣም ዳዳው። «ያችኛዋ ነርስ የእንሰት ምግብ ቀንሱ አለችን፤ እርስዎ ስጡ ይሉናል። የቱን ልመን?»

«ለሌላ ልጅ ቢሆን እሷ ልክ ነበረች።»

ይህ ይባስ ግራ አጋባው። ወደ ቤት ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ፣ «በገዛ እጄ እየላጥኩ ነው እኮ ያበላኋት» አለ።

«የእንቁ አባት፣ ማን ነገረን?» አለች ወርቄ።

የቡላው ገንፎ ሁለተኛ ወሩን ሲይዝ እንቁ ስሟ ሲጠራ ዞረች። ወርቄ ማሰሮውን ጥላ ጮኸች። ጸጉሯ ጠቆረ፤ ቆይታም «አባ» አለች። ዶክተሯ ደስ ቢላቸውም አልሸነገሏቸውም፤ «የተጎዳው ሁሉ ላይመለስ ይችላል» አሏቸው። ዛሬ አራት ዓመቷ ነው፤ ትሮጣለች፣ ቃላቷ ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

አሁን ወርቄ ነፍሰ ጡር ናት። በሽታው ከሁለቱም ወላጅ በዘር የሚመጣ ስለሆነ፣ የሚመጣው ልጅም እንደ እህቱ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ሲወለድ ደሙ ይታያል ተብለዋል። ዘመድ እየደወለ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሲል፣ ላጲሶ «አሜን» ይላል፤ ስልኩን ዘግቶም የእንቁን ቡላ ማማሰል ይቀጥላል።