ከፊሬንዜ ሮማ፦ አማረ ባርኔጣውን ጥየቃ

የበደለኝ ሰው አማረ ይባላል። የበደለኝም ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት፣ የዘፈን ካሴቱ አዲስ አበባ በወጣበት የፋሲካ ሰሞን ነው። ሽፋኑ ላይ «ግጥምና ዜማ፦ አማረ» ተብሎ ታተመ። ዜማው የእሱ ነው። ግጥሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን ካወቃችሁልኝ ወደ ጉዞው እንሂድ።

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ፊሬንዜ

ገና አልነጋም። የማስታምማቸው ጣሊያናዊት አሮጊት፣ ሲኞራ፣ ተኝተዋል። የምትተካኝ ልጅ መጥታ ሶፋው ላይ ጫማዋን እያወለቀች ነው። የሲኞራን መድኃኒት በየሰዓቱ ለይቼ አስቀምጬላታለሁ። እስከ ባቡር ጣቢያው በእግሬ ሃያ ደቂቃ። በቀርፋፋው ባቡር ትኬቱ ሃያ ሦስት ዩሮ ነው። ፈጣኑ እጥፍ ያስከፍላል። ለአማረ ብዬ እጥፍ አልከፍልም።

የምሄደው ልጁ ማርታ ስለደወለችልኝ ነው። «አባዬ ታሟል፤ የድሮ ዘፈኖቹን ከነግጥማቸው ዩቲዩብ ላይ ልጭንለት ነው። ፎቶ ካለዎት ይላኩልኝ» አለችኝ። ግጥሙ የማን ነው ብለሽ ልትጽፊ ነው ስላት «የአባዬ ነዋ!» አለች። ስለዚህ ከራሱ አፍ ላሰማት ተነሣሁ። ዘንድሮ ስሜ ካልተጻፈ መቼም አይጻፍም።

ጠዋት 2 ሰዓት፣ ባቡር ውስጥ

የኪዩሲን ጣቢያ አለፍን። በመስኮቱ የወይን ማሳ፣ ቀይ ጣሪያ፣ ጭጋግ። ከፊት ለፊቴ አንድ ሰውዬ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

አማረ የሆቴል አስተናጋጅ ነበር። ጊታር የተማረው ከራዲዮ ነው፤ ያን ጊዜ ካንትሪ የሚባለውን የአሜሪካ ዘፈን የማይወድ ሰው አልነበረም። ሌሎቹ ዘፋኞች ከረባት ሲያስሩ እሱ ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ፣ ቦት ጫማ ተጫምቶ ወጣ። ባርኔጣው የሚለው ስም በዚያው ቀረ። ዜማ እንደ ውሃ ይፈልቅለታል፤ ቃል ግን አልነበረውም። እኔ ታይፒስት ነበርኩ፣ የአሰብ መንገድ ሾፌር ልጅ። እሱ ሲያንጎራጉር እኔ በጣቴ እየቆጠርኩ እጽፍለት ነበር፦

መሪውን ጨብጠህ ቁልቁለት ስትወርድ፣
ፍሬን የሌለው ልቤ እቤት ነው የሚርድ።

ይህን ሾፌሮች ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። ሌላስ ነገር ነበራችሁ ወይ የሚሉኝ አሉ። ወደ ግጥሙ እመልሳቸዋለሁ።

ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ

ከሮማው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወጥቼ አንድ ባር ገባሁ። ማኪያቶ አንድ ዩሮ ከሠላሳ። ባለቤቱ ተክለ አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ፣ ሽበታም ሰው ነው። አማረን ያውቀው እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ማን የማያውቀው፣ እትዬ! እሁድ እሁድ እዚች ጥግ ይዘፍን ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቀለም ቀቢ፣ እሁድ ካውቦይ። ባርኔጣው ላይ ቀለም ተንጠባጥቦበት ነው የሚመጣው።»

«ያ ሁሉ ካሴት ተሸጦ ቀለም ቀቢ ሆነ?»

«እዚህ አገር ካሴት ኪራይ አይከፍልማ! ሊዘፍን መጣ፣ ቀረ፣ ቀለም ቀባ፣ ልጅ አሳደገ። በቃ።»

«ግጥሙን ማን ጻፈው ይል ነበር?»

ተክለ ሳቀ። «አንድ ቀን ጠይቄው ‘አንዲት ክፉ ሴት’ አለኝ።»

«ክፉ አለ?»

«ክፉ። ግን ባርኔጣውን አውልቆ ነው ያለው።»

ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ጠዋት 5 ሰዓት ተኩል፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ

ከገበያው አንድ ኪሎ ብርቱካን ገዛሁ፤ ባዶ እጅ የበሽተኛ ቤት አይገባም። የእነማርታ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ማርታ በሩን ከፈተች። አማረ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ጭኑ ላይ ተቀምጣለች።

«አማረ፣ የሺ ነኝ። እንዴት ነህ?»

«አዎ» አለ።

«እትዬ የሺ፣ ስኩዚ፣ ይቅርታ፣ በስልክ አልነገርኩዎትም» አለች ማርታ። «ስትሮክ ከመታው ወዲህ ከ‘አዎ’ ሌላ ቃል አይወጣውም። ለሁሉም አዎ ነው።»

እኔ ግን አላመንኩም። «አማረ፣ ግጥሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ?»

«አዎ።»

«ሰማሽ?» አልኳት። ማርታ ተጠጋችው። «አባዬ፣ ግጥሙን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ጳጳሱ ናቸው የጻፉት?»

«አዎ።»

ሦስታችንም ሳቅን፤ እሱ በግማሽ ፊቱ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ተነገረኝ፣ ምንም አልጠቀመኝም።

ትንሽ ቆይቶ የውሃውን ጠርሙስ አየና መዝፈን ጀመረ። ድምፁ ያው ነው፣ ጥርት ያለ። ዜማው የሾፌሩ ዘፈን ነው፤ ቃሉ ግን «ውሃ እፈልጋለሁ እባክሽ ማርታዬ፣ ትራሱንም ደግሞ…» ይላል። ትራሱ ላይ ሲደርስ ተደናቀፈ። እንደገና ጀመረ፣ እዚያው ቆመ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«በንግግር የማይወጣው በዘፈን ይወጣል ብላ የምታክመው ሐኪም ናት ያስተማረችን» አለች ማርታ። «ቃላቱን እኔ አበጀሁለት። እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይወድቃል። ለምን እንደሆነ አይገባኝም።»

«እኔ ይገባኛል። ስንኙ ረዝሟል፣ ቤትም አይመታም። ይሄ ግጥም ነው? የመድኃኒት ወረቀት ነው!»

ምቱን በጣቴ ስድስት፣ እንደገና ስድስት ቆጠርኩ። በብርቱካኑ ከረጢት ላይ ጻፍኩት፦

ጉሮሮዬ ደርቋል ውሃ አቀብዪኝ፣
ትራሴ ዝቅ ብሏል ከፍ አርጊና ደግፊኝ።

ሦስት ጊዜ አብሬው ዘፈንኩ። በአራተኛው ብቻውን እስከ መጨረሻው ዘለቀው። ማርታ ውሃውን ሰጠችው። እሱ ሲጠጣ እሷ ከረጢቱን ይዛ ቆማ ቀረች።

«አሎራ፣ እንግዲያውስ…» አለች። «የካሴቱን ግጥም የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ።»

«ዘጠኙንም ዘፈን?»

ሠላሳ ሁለት ዓመት ለሰማኝ ሁሉ ዘጠኙንም እያልኩ ኖሬአለሁ። ተክለ ቢጠይቀኝ ኖሮ ዛሬ ጠዋትም እል ነበር። አማረ ብርጭቆውን እንደያዘ ያየኛል።

«ሰባቱን» አልኩ። «‘የእናቴ ራዲዮ’ እና ‘ባዶ ጣሳ’ የእሱ ናቸው።» ጥሩ ዘፈኖች ናቸው አላልኩም። ናቸው ግን።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አለች ማርታ። የሰባቱን ርዕስ ጽፌ ሰጠኋት፤ ስሜን ከነአባቴ ስም አጠገባቸው አስፍራ አሳየችኝ።

ሰኞ፣ ማታ 2 ሰዓት፣ ፊሬንዜ

ለሲኞራ የማታ መድኃኒታቸውን ሰጠኋቸው። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለአማረ ሁለት ስንኞች ጻፍኩ፤ አንዱ መስኮት ለማስከፈት፣ አንዱ ሲያመው የሚዘፍነው። ይቅርታ የሚጠይቅበትንም መጻፍ እችል ነበር። አልጻፍኩም። ዛሬ ሁለቱን ለማርታ በፖስታ ላክሁ።