ከወንዙ የመጡት ቁጥሮች

ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ትንሽ ቢሯችን የእኔ ሥራ፣ ወራጅ ውሃ የጀልባ ማቆሚያ ምሰሶዎችን በምን ያህል ኃይል እንደሚገፋ ማስላት ነበር። የውሃውን ፍጥነት ወንዙ ድረስ ሄደው የሚለኩልኝ አንድ በዕድሜ የገፉ ያገሬ ሰው ናቸው። በትርፍ ጊዜያቸው ታክሲ ይነዳሉ። በዚህ የተነሳ ይሁን በሌላ፣ ከመጀመሪያውም አላምናቸውም ነበር።

አንድ ሰኞ፣ ከዲሲ ዝቅ ብላ ወንዙ ዳር ባለችው አሌክሳንድሪያ የለኩትን ሰጡኝ። ግማሾቹ ቁጥሮች የመቀነስ ምልክት አለባቸው። በወረቀቱ መሠረት ወንዙ ጠዋት ላይ ሽቅብ ይፈስሳል!

ሰውዬው ጭራሽ አልሄዱም ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ። ለኩ በተባለበት ቀን ኮል ሳደርግላቸው የመኪና ጩኸት ሰምቼ ነበር። ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቁ የሞሉት ቁጥር መሰለኝ። ተናደድኩ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው፤ በፍጥነት ቀልድ የለም። ለአለቃችን ከመናገሬ በፊት ግን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ይሄን የለኩት እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ማን ይለካልሻል?»

«ወንዝ ሽቅብ ይሄዳል እንዴ?»

«ነገ አብረን እንሂዳ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት አሌክሳንድሪያ ያለው አሮጌ የጀልባ ማቆሚያ ላይ ቆምን። ከአጠገባችን ባለው ትልቅ ድልድይ ላይ መኪናው ይጮኻል፣ ልክ በስልክ እንደሰማሁት። አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሽቅብ፣ ወደ ዲሲ አቅጣጫ እየተንሳፈፈ ይሄዳል።

«ነፋስ ነው» አልኩ፣ አሁንም ሳላምን።

መለኪያውን ውሃው ውስጥ አጠለቁና «አንብቢ» አሉኝ። የመቀነስ ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ባሕሩ ሲሞላ እስከዚህ ድረስ መልሶ ይገፋዋል» አሉ። «ሲጎድል ደግሞ ቁልቁል ይወርዳል።»

የምገባበት ጠፋኝ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ተጠራጥሬዎት ነበር።»

«አውቃለሁ። እኔም አንቺን አላምንም» አሉ ኮስተር ብለው። «ያሰላሽውን ሁሉ ቤቴ ወስጄ ደግሜ አሰላዋለሁ።»

«ስህተት አገኙ?»

«አንድ። ምሰሶዎቹን ከአንድ ወገን ብቻ ነው ያስገፋሻቸው።»

እውነታቸውን ነበር። የምሰሶዎቹን መደገፊያዎች የነደፍኳቸው ቁልቁል ለሚመጣ ውሃ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተመልሼ በሁለቱም አቅጣጫ እንደ አዲስ አሰላሁ። አዲሱን ስሌት ለአለቃችን ከመላኬ በፊት ጋሼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። መነጽራቸውን አደረጉና ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው ያረጋግጡ ጀመር።