የሦስተኛዋ ምስክር ፊርማ

ሀሚዱ ሰውን ለሽልማት ሲያጭ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። ሐይቅ ከተማ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሲቀጠር ክፍሉ «ፐርሶኔል» ይባል ነበር፤ ከዚያ ስሙ ተቀየረ፤ ለውጡ ሲመጣ ደግሞ እንደገና ተቀየረ። ወንበሩ ግን ያው ነው፤ አንድ እግሩ ስለሚያጥር ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት ይደረግለታል። በየዓመቱ ቅጽ እየሞላ ባለሙያውን፣ ሾፌሩን፣ ዘበኛውን ሳይቀር አሸልሟል። እሱን ያጨ ግን አንድም አልነበረም፤ ቅጹን የሚሞላው እሱ ራሱ ነዋ።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከበላይ አንድ ሰርኩላር መጣ። አንጋፋ የሰው ሀብት ባለሙያዎች ይታጩ፣ የተመረጡት በክልል ደረጃ የክብር ሜዳሊያ ይጠለቅላቸዋል ይላል። ምክትሉ ዙለይሃ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችው።

«የዘንድሮውን የምሞላው እኔ ነኝ፤ አንቱ አርፈው ይቀመጡ» አለችው።

ደስ አላለውም ብል እዋሻለሁ። ጡረታው ደርሷል፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ አንድ ቀን ሰው ፊት መጠራትን የማይመኝ የለም።

ዙለይሃ «ጉልህ ተግባር» በሚለው ሥር ጻፈች፦ ጥቅምት 2014 ከተማዋ ስትለቀቅ የስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሠራተኛ ማህደር በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቆ፣ በአይሱዙ ጭኖ ደብረ ብርሃን አድርሷል፤ አንድም ሳይጎድል መልሷል። እውነት ነው።

ሀሚዱ ግን ያንን ጧት የሚያስታውሰው በሌላ ነው። ማህደሩ የሚቀመጠው በሁለት ክፍል ነበር፤ በአንዱ ሥራ ላይ ያሉት፣ በሌላው የለቀቁትና የሞቱት። ይህኛውን ቢሮው «ሙት ማህደር» ይለዋል። በሥራ ላይ ያሉት ሠራተኞች ማህደር ተጭኖ ካለቀ በኋላ መኪናው ላይ የአራት ከረጢት ቦታ ተርፎ ነበር። ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ «ቶሎ ይበሉ እንጂ» ይላል። ሀሚዱ ሙት ማህደሩን አየና፣ የሞተ ነገር ማን ይጠይቀዋል ብሎ፣ የሁለት ዓመት የሰዓት ፊርማ መዝገብ ጫነ። ኦዲተር ጠይቆበት ነበርና። መድፍ እያጓራ፣ ማን ስንት ሰዓት ላይ ሥራ እንደገባ የሚያስጨንቀው የፐርሶኔል ሰው ብቻ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሲመለስ ሙት ማህደሩ ማገዶ ሆኖ አልቋል።

ከዚያ ሙጂባ መጣች። አሥራ ሁለት ዓመት በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች የልማት ሠራተኛ ሆና በእግሯ የኳተነች ሴት ናት። የቀጠራት ሀሚዱ ነው። በደንቡ ለቅቃ ሪያድ ስትሄድም «አብሽሪ፣ ማህደርሽ እኔ ዘንድ ነው» ያላት እሱ ነው። አሁን አምባሰል ውስጥ የሚሠራ አንድ ፕሮጀክት ሊቀጥራት ፈልጎ የሥራ ልምድ ማስረጃ ብቻ ጠየቃት። የራሷ ቅጂ ከነቤቷ ተቃጥሏል። ያለ ማህደር ደግሞ ማስረጃ አይጻፍም፤ ጽፈው የተገኙ ሁለት ባልደረቦቹን ያስባረረው ሀሚዱ ራሱ ነው። የበላይ አካልን ቢጠይቅም «ማህደሩ ይቅረብ» አሉት። ስድስት ወር ሙሉ ሰኞ ሰኞ እየመጣች አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች፤ እሱም «እስቲ የሚቀጥለው ሰኞ እንይ» ይላታል። የሚታይ ነገር እንደሌለ እያወቀ።

ቅጹ ሦስት ምስክር ይፈልጋል፤ ሦስተኛው ከውጭ የሚመጣ ባለጉዳይ መሆን አለበት። ዙለይሃ ሞልታ ስታመጣለት ሀሚዱ ሦስተኛውን ስም አነበበ። ሙጂባ ናት። ከስሟ ሥር በጥንቃቄ «ባለጉዳይ የማያጉላሉ ደግ ሰው ናቸው። ይሸለሙ» ብላ ፈርማለች።

«ይህን ያህል ስትመላለስ አንድ ቀን እንኳ አምታዎት አታውቅም» አለች ዙለይሃ።

ሀሚዱ ቅጹን ይዞ ወደ አግዳሚው ወጣ። ሙጂባ ብድግ አለችለት።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጋሽ ሀሚዱ። እንግዲህ ትልልቆቹ ዘንድ ሲቀርቡ የኔን ነገር አይርሱብኝ።»

አፈረ። በዕድሜው እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

«ሜዳሊያ ማህደር አያመጣም፣ ሙጂባ» አላት። «መኪናው ላይ ቦታ ነበር። የአንቺን ትቼ የሰዓት ፊርማ መዝገብ ጫንኩ። ከእንግዲህ የሚገኝ የለም። ስድስት ወር ያመላለስኩሽ በውሸት ነው፣ ወላሂ።» እስክሪብቶውን ዘረጋላት። «ስምሽን ሰርዢው።»

ሙጂባ ቅጹን ተቀብላ ብዙ አየችው።

«ብሰርዘው ማስረጃውን ይጽፉልኛል?»

«አልችልም።»

«ባልሰርዘውስ?»

«ያም ቢሆን አልችልም።»

ቅጹን መለሰችለት።

«እንግዲያው ይቅር፤ አይሰረዝ» አለች። «ቢሮ ውስጥ ከእርስዎ ሌላ የማውቀው ሰው የለኝም።»

ተመልሳም አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።