ባለ ጨርቅ ክንፏ አውሮፕላን

አክስቴን ሰፈሩ በሙሉ «መርፌ» ነው የሚላት። አንድም ቀጭን ናት፣ አንድም ምላሷ ይወጋል። ደግሞም ዕድሜዋን የፈጀችው በመርፌ ነው። አየር ሜዳው ሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ፓራሹት ታጥፍ፣ የአውሮፕላን ወንበር ታለብስ ነበር። ባሏ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ እዚያው አውሮፕላን የሚጎትተውን ትራክተር ይነዳ ነበር። «እሱ ይጎትታል፣ እኔ እጠቅማለሁ፤ ማናችን እንደምንጠቅም እናንተው ፍረዱ» ትል ነበር።

ከተማው እያደገ መጥቶ ሜዳውን ከበበው። አዲሱ አየር ማረፊያ ሩቅ ቦታ ሲሠራ አሮጌዎቹ አውሮፕላኖች አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ተሰበሰቡና በሩ ላይ የሙዚየም ሰሌዳ ተሰቀለ። አጎቴ ጡረታ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሳንባውን ታሞ አልጋ ያዘ። አክስቴን ግን ለሙዚየሙ አስቀሯት፤ አቧራ ታራግፋለች፣ የተቀደደ ትሰፋለች።

ከሁሉም የምትሳሳላት አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ነበረች። አጥንቷ እንጨት፣ ክንፏ ጨርቅ ነው። «ሌሎቹ ብረት ናቸው፣ ራሳቸውን ይችላሉ። ይቺ ግን እንደኛው ናት፤ ብርድ ይመታታል» ትላለች።

አንድ ክረምት ነፋስ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ገልብጦ ወሰደው። የሙዚየሙ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም። ለበላዮቹ አመለከተ፣ ደጅ ጠና፤ ጠብ ያለለት ነገር ግን የለም። በመጨረሻ ከየትም ብሎ አንድ ጥቅል ሸራ አመጣላት።

«እህቴ፣ ለሁሉም አይበቃም» አላት።

«ለአንዷ ይበቃል» አለችው።

በድሮው የመንገደኞች መጠበቂያ ክፍል ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፍታ፣ ሸራውን ወለሉ ላይ ዘርግታ፣ በጉልበቷ እየዳኸች ቆረጠችው። የስፌት መኪናዋ ወፍራሙን መገጣጠሚያ አልበሳ ሲላት በእጇ ሰፋችው። ጣቶቿ ቆሳስለው ቤት ስትገባ አጎቴ አየና፣ «ለእኔ እንኳ እንዲህ ያለ ልብስ ሰፍተሽልኝ አታውቂም» አላት። ሁለቱም ሳቁ። አብረው ሲስቁ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስትሄድ አውሮፕላኗ ራቁቷን ቆማለች። የሸራው ገመድ በቢላ ተቆርጧል። ዘበኛው አላየሁም አለ። ኃላፊውም ተቆርጦ የቀረውን ገመድ ሰበሰበ።

ሰንበት ብሎ ገበያ አብሬያት ሄጄ ነበር። መሐል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ከነሕፃኗ የተጠለለችበትን ሸራ ቀና ብላ አየችና ስፌቱን ዳሰሰችው። በክንፉ ልክ የተቆረጠው ጎባጣ ጠርዝ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«እናቴ፣ ምን ልመዝንልዎ?» አለች ሻጯ።

«ሸራውን ከየት አመጣሽው?»

ሻጯ ደነገጠች። «እዚሁ ይዘው መጥተው ሸጡልኝ። የርስዎ ነው እንዴ? ያለ የሌለኝን ሰጥቼ ነው የወሰድኩት።»

ሕፃኑ ጆንያ ላይ ተኝቷል። ሰማዩ ጠቁሯል። አክስቴ ጥጉን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «በዚህ ጥግ ያፈሳል፤ ከውስጥ ደርበሽ ጥቀሚው» ብላት ሄደች።

መንገድ ላይ፣ «ምነው ዝም አልሻት?» አልኳት።

«ምን ልበላት? ልጅሽን አስነሥተሽ አውሮፕላን አልብሺልኝ ልበላት?»

ዝናቡ አላባራ አለ። የክንፏ ጨርቅ መጀመሪያ ውሃ ቋጥሮ ረገበ፣ ቀጥሎ ተተረተረ፣ አጥንቷ ገጠጠ። አክስቴ አሮጌ መጋረጃ፣ ላስቲክ፣ የራሷን አንሶላ ሳይቀር ደረበችባት። ሁሉም በላይዋ ላይ ሻገተ።

ክረምቱ ሲወጣ ቦታው ለሕንፃ መሰጠቱ ተነገረ። ብረት ገዢዎች መቁረጫቸውን ይዘው መጡና አውሮፕላኖቹን ቆራርጠው ጫኑ። ያቺን ትንሿን ግን የሚፈልጋት ጠፋ። «ይቺማ እንጨት ናት» ብለው ለዘበኛው ማገዶ ተዉለት። ዘበኛውም በመጥረቢያ ፈለጣት። አክስቴ እዚያው ቆማ ነበር። ኃላፊው ጠጋ ብሎ፣ «ምን ላድርግ፣ እህቴ?» አላት።

«ምንም» አለችው።

ቤት ገብታ ለአጎቴ እንደ ወረደ ነገረችው። አጎቴ ሳሉ እስኪበርድለት ጠበቀና፣ «ትራክተሬስ?» አላት።

«እሱንም ጭነውታል።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሜዳው ጠይቋት አያውቅም።

አክስቴ አሁን ወፍጮ ቤት ጆንያ ትጠቅማለች። ዓይኗ ስለ ደከመ ክሩን የማሾልክላት እኔ ነኝ። አንድ ቀን መርፌውን እያቀበልኳት፣ «ሌላ ቦታ እንደገና ሙዚየም የሚከፍቱ ይመስልሻል?» አልኳት።

«እነማን?» አለችኝና ጆንያውን ገለበጠች።