እትዬ ጭራሮና አራሷ

ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ጭራሮ ነበር የሚላቸው። ቅጥነታቸውን አይቶ ያወጣላቸው ስም ነው። እሳቸው ግን አልተቀየሙም፤ «ጭራሮ ቢቀጥንም ግንዱን የሚያቀጣጥለው እሱ ነው» ብለው በደስታ ተቀበሉት።

ምራታቸው ልብስ ሰፊ ናት። ያደገችው ሰው ከሙቀት ሸሽቶ ደጅ በሚተኛበት ቆላ ከተማ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነውን ልጃቸውን አግብታ በረዶ ወደሚጥልበት ወደ እሳቸው ብርዳም አገር ስትመጣ፣ አማቷ ሻንጣዋን እንኳ እስክታስቀምጥ አልታገሷትም። እጇን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዷትና ከግድግዳው እኩል የተደረደረውን ፍልጥ አሳዩዋት።

«ጎተራችን ይሄ ነው» አሏት።

«ሌላዋ ሙሽራ ሳሎን ታያለች፣ እኔ እንጨት አየሁ» ብላ ባሏ ላይ አጉረመረመች። ባሏ ሳቅ ብሎ ዝም አለ። ዝምታ ልማዱ ነው። እናቱም ይህንን ስለሚያውቁ «የእሳት ልጅ አመድ ሲባል አልሰማሽም?» እያሉ ይቀልዱበታል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለምራቲቱ የእንባ ነበሩ፤ ሐዘን ኖሯት ሳይሆን ከጭስ የተነሳ። ያገኘችውን እንጨት አንስታ ምድጃው ውስጥ ትከታለች፣ ቤቱ ይታፈናል። አንድ ቀን አማቷ ሁለት ፍልጥ አንስተው አንዱን በአንዱ መቱት።

«አድምጪ። ደረቁ ይዘምራል። እርጥቡ ያጉረመርማል፤ ልክ እንዳንቺ።»

ነገሩ ከነከናት፤ ግን ከዚያ ወዲያ እርጥብ እንጨት አልማገደችም።

ፍልጥ አብረው ሲደረድሩ ነው ታሪካቸውን የነገሯት። ባላቸው እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ልጃቸው ገና ጡት ሳይጥል ባላቸው ሞተባቸው። ያኔ ብርዱ ሲጀምር አንድ ጎረቤት ሊፈልጥላቸው መጣ።

«አመሰግናለሁ ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹መቼም ወንድ የሌለበት ቤት አይሞቅም› አለኝ። ምሳሩን ከእጁ ላይ ተቀበልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እግሬን ልቆርጠው ነበር!» ብለው ሳቁ። «ግን ለመድኩት። ጠዋት ልብስ ማጠቢያ ቤት እሠራለሁ፣ ስመለስ እፈልጣለሁ። ልጄ ርቦት አልቅሶ ይሆናል፤ በርዶት ግን አላለቀሰም።»

ይህንን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት እንጂ ምሬት አልነበረም። ምራቲቱ የአማቷን እጆች ልብ ብላ ያየቻቸው ያን ጊዜ ነው። መዳፋቸው የኮረት መንገድ ይመስላል። በዚያው መዳፍ ግን ዱቄት ሲያቦኩም ሆነ መርፌ ላይ ክር ሲያስገቡ የሚቀድማቸው አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት ምራቲቱ አረገዘች። ባሏ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ልግዛ ሲል እናቱ አልተቃወሙም። «ግዛ እንጂ። መብራት ሲጠፋ እንቀመጥበታለን» አሉት። ገዛ። እውነትም መብራቱ ጠፋ። ብርዱ በከፋበት ወር የወረደው በረዶ ምሰሶዎቹን ጣላቸው፣ መንገዱን ዘጋው። ሹፌሩ ከተራራው ወዲያ ከነጭነቱ ቆሞ ቀረ። ምጡም ያለጊዜው የመጣው በዚሁ መሐል ነው።

ሁለት ቤት አልፋ የምትኖር ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነበረች፤ ወፍራም፣ ተጫዋች ሴት፣ የእትዬ ጭራሮ የልብ ጓደኛ። በረዶውን በጉልበቷ እየሰነጠቀች ደረሰች። ጠዋት ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። ከእርግብ ብዙም አትበልጥም።

«ትተነፍሳለች፣ ትጠባለች» አለች አዋላጇ። «ግን ገና ሙቀት አልጠገበችም። መንገዱ እስኪከፈት ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ ያዣት። ይሄ ክፍል ከቀዘቀዘ ግን . . .»

«አይቀዘቅዝም» አሉ እትዬ ጭራሮ።

አልጋውን ገፍተው ምድጃው አጠገብ አስጠጉት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላዩም ማለት ይቻላል። ወንበር ላይ ሸለብ ያደርጉና እሳቱ ድምፁን ሲለውጥ ይባንናሉ፤ ይቆሰቁሳሉ፣ ይማግዳሉ፣ የሕፃኗን እግር ዳብሰው ይመለሳሉ። ምራቲቱ ከተኛችበት ሆና ታያቸው ነበር። እናቷ በልጅነቷ የሞተችባት ናት፤ ለእሷ ሲል እንደዚህ የነቃ ሰው አይታ አታውቅም።

በረዶው ባባራበት፣ ብርዱ ግን አጥንት በሚሰብርበት ጠዋት፣ ምድጃው ጭሱን ወደ ቤት መትፋት ጀመረ። ለቀናት ያለ ዕረፍት ሲነድ የቆየው እሳት ቧንቧውን በጥቀርሻ ደፍኖታል። አዋላጇ መስኮቱን ከፈተች፤ ጭሱ ሲወጣ ብርዱ ገባ። ሕፃኗ አስነጠሳት።

«ፍሙን በማንደጃ አድርገው አጠገቤ ቢያኖሩልኝስ?» አለች ምራቲቱ።

«በዝግ ቤት ፍም? ሦስታችሁንም ይጨርሳችኋል!» አለች አዋላጇ።

እትዬ ጭራሮ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ምድጃው ላይ ሲግሉ የነበሩትን ጡቦች በሱፍ ጨርቅ ጠቅልለው በአራሷ ግራና ቀኝ ደረደሩ። ወደ ጓደኛቸው ዞሩና፦

«አንቺ፣ ጫማሽን አውልቂና አልጋው ውስጥ ግቢ። ያ ሁሉ ሥጋ ዛሬ ካልጠቀመን መቼ ሊጠቅመን ነው?»

«አንቺስ?»

«እኔ ጣሪያው ላይ ነኝ።»

አዋላጇ እየተሳደበችም ቢሆን ገባች። አልጋው ጮኸ። እትዬ ጭራሮ እሳቱን በአካፋ እየዛቁ በባልዲ አወጡት፤ በረዶው ላይ ሲደፉት ሲያፏጭ ይሰማ ነበር። እንዳያንሸራትታቸው ጫማቸው ላይ ጆንያ ጠቀለሉ። ለቧንቧው መጥረጊያ እንዲሆን የገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይና የሽቦ ጥቅል አስረው ትከሻቸው ላይ ጣሉት። መስኮቱን ዘግተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ምራቲቱ ሁሉንም በጆሮዋ ነው የተከታተለችው። መሰላሉ ሲጥ ሲጥ አለ። ቆርቆሮው በቀስታ ተረገጠ፤ አንድ ጊዜ፣ እንደገና። ድንገት አንድ ነገር ተንሸራተተ፣ ከዚያም ጸጥ አለ።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች። እስከዚያች ቀን እትዬ እንጂ እማዬ ብላቸው አታውቅም።

መልሱ የመጣው በምድጃው ቧንቧ ውስጥ ነበር፤ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ድምፅ ጎርነን ብሎ።

«ምነው? ልጅቷ ምን ሆነች?»

«እሷማ ደህና ናት! እርስዎ ምን ሆኑ?»

«ምንም። ቁጭ አልኩ። ጣሪያ ላይ ሥራ ቁጭ ብሎ ነው።»

አዋላጇ አልጋው ውስጥ በሳቅ ስትንፈራፈር ሕፃኗ ነቃች። ድንጋዩና ሽቦው ቧንቧውን እያንኳኩ ሲወርዱና ሲወጡ ቆዩ። በመጨረሻ ጥቀርሻው ድፍ ብሎ ምድጃው ውስጥ ወደቀ።

እትዬ ጭራሮ ሲመለሱ ከዓይናቸው በቀር ነጭ ነገር አልነበራቸውም። ጥቀርሻውን ዝቀው አወጡ፣ ጭራሮውን ደረደሩ፣ ክብሪት አነሱ። እጃቸው ግን አልታዘዝ አላቸው። በብርድ ደንዝዟል፤ የክብሪቱ እንጨት አንዴ ወደቀ፣ ደግሞ ወደቀ። ምራቲቱ አንድ እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣች።

«እንጨቱን ለኔ ይስጡኝ፣ የክብሪቱን ቀፎ እርስዎ ይያዙልኝ» አለቻቸው።

አማት ቀፎውን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ምራት ጫረች። እሳቱ ተያያዘ። ጭሱም ሽቅብ ሄደ።

መንገዱ ሲከፈት ሹፌሩ መጣ፤ ሚስቱንና ልጁን ሲያይ የእናቱን ጉልበት ይዞ አለቀሰ። ሁሉም በሱ መኪና ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙ ሕፃኗን አገላብጦ መረመራትና ሳንባዋም ልቧም ደህና ነው አለ። ለጥቂት ቀን ይዘዋት ክብደቷን ካዩ በኋላ እንደሚለቋትም ነገራቸው። የእትዬ ጭራሮን ጣቶችም አየላቸው። በብርዱ የተጎዱት የሁለቱ ስሜት ቶሎ እንደማይመለስ ሲነግራቸው «ስምንቱ ይበቁኛል» አሉት።

ወደ ማታ ላይ አንዲት ነርስ ከክፍሉ ብቅ አለች።

«የአራሷ እናት የት አሉ?»

እትዬ ጭራሮ ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳው ላይ በተገጠመው ማሞቂያ ሥር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድመው ያንኮራፉ ነበር። አንገታቸው ላይ የቀረ ጥቀርሻ አለ።

«ያውና እዚያ የተኙት ናቸው» አለች ምራቲቱ በተከፈተው በር አሻግራ እያየች። «ግን ኧረ እባክሽ፣ እንዳትቀሰቅሻቸው።»